አራተኛው ስክሪን ስንተኛ ነው?



ዛሬ የምናወራው ስለ ኬብልና ስለ ቁጥር ነው። ከኪታብ ቤት የወጡ የመስጂድ አገልጋዮች የሚያነሱት ርእስ ላይመስል ይችላል። ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ መስጂዱ፣ መድረሳው፣ የሰርግ አዳራሹ፣ የባንኩ መግቢያ ሳይቀር ስክሪን ደርድሯል። የትኛው ስክሪን ከየትኛው እንደተያያዘ፣ የትኛው ስንተኛ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወይ ዐረብ ሀገር ሄዷል፣ ወይ ስልኩ አይነሳም።

በእኛ መስጂድ የሴቶች መስገጃ ፎቅ ላይ ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን ደርስም ኹጥባም ለዓመታት የተከታተሉት በድምጽ ማጉያ ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ጀመዓው አዋጥቶ አራት ባለ 55 ኢንች ስክሪኖች ተገዙና ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ሆነው ተገጠሙ። አራቱ አንድ ላይ አንድ ትልቅ ምስል ያሳያሉ፤ ወርዱ 2 ሜትር ከ43፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ37 ሳንቲም ገደማ ነው። ቪዲዮ ዎል የሚባለው ይኸው ነው። ሶላት ሲቆም ይጠፋል። ስክሪኑ ለደርስና ለኹጥባ እንጂ ኢማም ለመከተያ አይደለም፤ ይህን አስቀድመን ያልነው ወሬው ወደዚያ እንዳይጠመዘዝብን ነው።

ከስክሪኑ ፊት፣ በቀኝ በኩል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጡ እህቶች አሉ። መስማት የተሳናቸው ናቸው። ታች በወንዶቹ በኩል የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ወንድማችን ከሚንበሩ አጠገብ ቆሞ ያስተረጉማል፤ ሁለተኛ ካሜራ እሱን ይቀርጸዋል፤ ምስሉም ከሼኻችን ምስል ጎን ሆኖ ወደ ፎቅ ይወጣል። በሰፈራችን ሌላ አስተርጓሚ የለም። ለሚሰማ ሰው ስክሪኑ ተጨማሪ ነገር ነው። ለእነዚህ እህቶች ግን ኹጥባው ራሱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሻዕባን ላይ ግድግዳው ቀለም ሊቀባ ስክሪኖቹ ወረዱ። ቀለሙ ሲደርቅ ሠራተኞቹ እንደመጣላቸው መልሰው ሰቀሏቸው። ሲበራ የሼኻችን ጥምጣም ከታች፣ ጢማቸው ከላይ ሆኖ ታየ። ሕፃናቱ ሳቁ፤ እኛም ሳቃችንን ዋጥ አደረግን። የአስተርጓሚው ፊት ግን በአንድ ጥግ፣ እጆቹ በሌላ ጥግ ነበሩ። በምልክት ቋንቋ ፊትና እጅ አብረው ነው የሚናገሩት፤ በብዙ የምልክት ቋንቋዎች የቅንድብ መነሳት ብቻውን ተራውን ዐረፍተ ነገር ጥያቄ ያደርገዋል። ፊቱ ከእጁ የተለየ አስተርጓሚ ማለት ቃላቱ ተቆራርጠው የተበተኑበት ተናጋሪ ማለት ነው። በዚያ ቀን ቀኝ በኩል የሚቀመጡት እህቶች አልሳቁም።

ስክሪኑን የገጠመው ድርጅት ሥራውን ሲያስረክብ አንዲት ወረቀት እንኳ አልተወም ነበር። ባለሙያ ከአዲስ አበባ እንዲልክ ሲጠየቅ የጠራው ዋጋ የጀመዓውን ኮሚቴ ዝም አሰኘ። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ነገሩን የያዘልን አንድ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ወንድማችን ነው፤ እኛ መሰላል ይዘን፣ ችቦ አብርተን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ለምን?» እያልን አጠገቡ ሰነበትን። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የቀራነው ነው።

ምስል ሲዘበራረቅ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ኬብል ነው። ይህንን ነቅሎ እዚያ፣ ያንን ነቅሎ እዚህ። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ግን ኬብል በመቀያየር የምስሉ ቁራጮች ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ምክንያቱ ይህ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው አንድ ኬብል ወደ አንድ ስክሪን ይገባል፤ ከዚያ ስክሪን መውጫ ሌላ ኬብል ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። ዴዚ ቼይን የሚሉት ይህንን ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ የሚያልፈው የምስሉ ቁራጭ አይደለም፤ ሙሉው ምስል ነው። እያንዳንዱ ስክሪን ሙሉውን ይቀበላል፣ ሙሉውን ለቀጣዩ ያሳልፋል፣ ለራሱ ግን ድርሻውን ብቻ ቆርጦ ያሳያል። ድምጽ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን ሙበሊግ የኢማሙን ተክቢራ ተቀብሎ ለኋለኛው ሰፍ ሙሉውን እንደሚያደርሰው ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ ተቀምጠው ሲያሰግዱ አቡበክር (ረ.ዐ) ተክቢራቸውን ለሰዎች ያሰሙ ነበር። ሙበሊጉ ዝም ካለ ከእሱ በኋላ ያለው ሰፍ ኢማሙ ሩኩዕ ላይ ይሁን ሱጁድ ላይ አያውቅም። ይህችን ያዙልን፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ታዲያ ስክሪኑ የትኛው ድርሻ የእሱ እንደሆነ በምን ያውቃል? በተሰጠው ቁጥር። በስክሪኑ ሜኑ ውስጥ ታይል ሞድ የሚባል ክፍል አለ፤ ስንት ረድፍ፣ ስንት አምድ፣ አንተ ስንተኛ ነህ ብሎ ይጠይቃል። አቆጣጠሩ ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው፤ ላይ ግራ 1፣ ላይ ቀኝ 2፣ ታች ግራ 3፣ ታች ቀኝ 4። ይህ ቁጥር የሚቀመጠው ደግሞ በስክሪኑ ሆድ ውስጥ እንጂ በግድግዳው ላይ አይደለም። ስክሪኑን አውርዳችሁ ሌላ ቦታ ብትሰቅሉት ቁጥሩን ይዞት ይሄዳል። የሼኻችን ጥምጣም ታች የወረደው በዚህ ነው፤ «1 ነኝ» የሚለው ስክሪን በ3 ቦታ ተሰቅሎ ነበር።

ነሕው የቀራችሁ ይህ ነገር ቶሎ ይገባችኋል። «ደረበ ዘይዱን ዐምረን» ብንልም፣ «ደረበ ዐምረን ዘይዱን» ብንልም መቺው ዘይድ ነው። ዐምር ወደ ፊት ስለመጣ መቺ አይሆንም። ማን ምን እንደሆነ የሚነግረን በቃሉ ጫፍ ላይ ያለው ምልክት ነው እንጂ የቃሉ ተራ አይደለም። ስክሪንም እንዲሁ ነው፤ በኬብል ስንተኛ መሆኑ ሌላ፣ በምስሉ ውስጥ ያለው ቦታ ሌላ።

ሦስተኛ ቁጥርም አለ። ስክሪኖቹን ከኮምፒውተር በትእዛዝ ለማብራት፣ ለማጥፋት፣ ቅንብራቸውን ለመቀየር እያንዳንዳቸው መጠሪያ ያስፈልጋቸዋል። በኤልጂ ስክሪኖች «ሴት አይዲ» ይባላል፤ ከሴቶች መስገጃ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሳምሰንግ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚሠራ ኤምዲሲ የሚባል ሶፍትዌር አለው። ትእዛዙ የሚሄደው ከምስሉ በተለየ ኬብል ነው፤ ወይ በቀጭኑ የአርኤስ 232 መስመር፣ ወይ በኔትወርክ ኬብል። ስለዚህ ከስክሪኖቹ ጀርባ ያለው አንድ ሰንሰለት አይደለም፤ ሁለት ነው። ምስሉ ጠፍቶ ትእዛዝ ሊሠራ ይችላል፤ ትእዛዝ ተቋርጦም ምስሉ ቁልጭ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው የምስል ችግር ፍለጋ የትእዛዝ ኬብል ሲፈታ ይውላል።

የእኛዎቹን የለየናቸው እንዲህ ነው። ተማሪው ከላፕቶፑ ለአንድ መጠሪያ ብቻ «ምስልህን አጥፋ» ብሎ ይልካል፤ ከፊት የቆመው ሰው የጠፋውን አይቶ በወረቀት ፕላስተር ላይ ቁጥሩን ጽፎ ጠርዙ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ስክሪን አንድ ላይ ከጠፋ መጠሪያቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ተመሳሳይ ቁጥር ይዘው ስለሚወጡ ይህ ብርቅ አይደለም። አንዳንድ ሞዴል ስክሪኖቹ ራሳቸው እንዲቆጠሩ የሚያደርግ ትእዛዝ አለው፤ ደስ ይላል፣ ግን የሚቆጥረው በኬብሉ ቅደም ተከተል ነው። ኬብሉ እንደ እባብ ከተጠማዘዘ ቁጥሩም አብሮ ይጠማዘዛል።

ሪሞት ያለው ሰው «ይህ ሁሉ ለምን? በሪሞት ቁጥሩን ብቻ ብትቀይሩስ?» ይላል። ይቻላል፤ ችግሩ አራቱ ስክሪኖች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዱን ሪሞት አራቱም ይሰሙታል። ለአንዱ 3 ስትለው አራቱም 3 ይሆናሉ፤ ከዚያም አራት ተመሳሳይ ጢም ታያላችሁ። መፍትሔው የሦስቱን የሪሞት መቀበያ በጥቁር ፕላስተር መሸፈን፣ ወይም አንዱን ብቻ አብርቶ መሥራት ነው።

ሌላው የጸብ ምንጭ ግራና ቀኝ ነው። ኬብል የሚያስረው ሰው ከጀርባ ነው ያለው፤ የእሱ ግራ የተመልካቹ ቀኝ ነው። ከፊት 1 የሆነው ስክሪን ከጀርባ ሲታይ በቀኝ ነው። እኛ ዘንድ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉት ቃላት ተከለከሉ፤ ቁጥር ብቻ። ከጀርባም ቁጥሩ በትልቁ ተጽፏል። የማን ግራ እያሉ ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ሆነው ሲጨቃጨቁ ከመስማት ያድናል።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ የዲስፕሌይ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ «አይደንቲፋይ» የሚለውን ብትጫኑ በየስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል። በእኛ ግድግዳ ላይ የሚወጣው አንድ 1 ብቻ ነው፤ እሱም ታች ግራ ባለው ስክሪን ላይ። ሌሎቹ ስለሞቱ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ ትልቅ ስክሪን ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ቁጥሩን የሚያወጡት በምስሉ ታችኛ ግራ ጥግ ላይ ስለሆነ ያ ጥግ የደረሰው 3 ዘንድ ነው። የእኛ ኮምፒውተር የሚልከው 3840 በ2160 ፒክስል ነው፤ ለእያንዳንዱ ስክሪን 1920 በ1080 ይደርሰዋል፣ ልኩ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ 1920 በ1080 ብቻ ቢልክ ኖሮ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 960 በ540 ነበር፤ ያኔ ጽሑፍ ሁሉ ይደበዝዛል።

ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ ሁለት ሦስት ሞኒተር ቀጥላችሁ በየራሳቸው የተለያየ ነገር እንዲያሳዩ የምትፈልጉ ግን ጉዳያችሁ ሌላ ነው። ያ ኤምኤስቲ ይባላል፤ በ2010 ከወጣው ከዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ጋር የመጣ ነው። በአንድ ኬብል ውስጥ የተለያዩ ምስሎች ተለይተው ይሄዳሉ፤ ያኔ ዊንዶውስ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ለየብቻ ያያቸዋል። ቁጥሮቹ ሞኒተሮቹ የተቀመጡበትን ቦታ ስለማይከተሉ ሣጥኖቹን በማውዝ ጎትቶ ማስተካከል የእናንተ ፈንታ ነው። የኬብሉ አቅም በሰከንድ 17.28 ጊጋቢት ስለሆነ አራት ባለ 1920 በ1200 ሞኒተር ይሸከማል፤ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ አንድ ፎርኬ ግን አብዛኛውን ብቻውን ይበላዋል። ኤችዲኤምአይ ይህ ነገር የለውም። ማክ ኮምፒውተርም በዚህ መንገድ የተለያየ ምስል አያወጣም፤ በተንደርቦልት ከሆነ ይችላል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛውን ሰንሰለት እንደምትፈልጉ እወቁ፤ ሻጩ ሁለቱንም ዴዚ ቼይን ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ወደ ሙበሊጉ እንመለስ። ቁጥሮቹ ተስተካክለው ምስሉ ገጠመ፤ አልሐምዱሊላህ። ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ ተማሪው አንድ ጥያቄ አመጣ። ኬብሉ የተዘረጋው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ነበር። በመካከል አንዱ ቢበላሽ ወይም ኃይል ቢያጣ ከእሱ በኋላ ያሉት ይጨልማሉ። ስለዚህ በየትኛውም ብልሽት ከሚጠፉት አንዱ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው፤ 4 ማለት ነው። ቀኝ የሚቀመጡት እህቶች የሚያዩት ያንን ነው።

የኬብል ተራና የምስል ቦታ አይገናኙም ብለን የለ? እንግዲያው 4 በምስል አራተኛ ሆኖ በኬብል አንደኛ መሆን ይችላል። አስተርጓሚው ቀድሞ የግድግዳውን ቀኝ እኩሌታ ይዞ ራሱ 2 ላይ፣ እጆቹ 4 ላይ ነበሩ፤ በመካከላቸውም የሁለቱ ስክሪን ጠርዝ ያልፋል። አሁን ሙሉ በሙሉ 4 ውስጥ ገባ፤ ፊቱም እጁም በአንድ ስክሪን፣ ምንም መስመር ሳይቆርጠው። ኬብሉም ከኮምፒውተር ወደ 4፣ ከ4 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 2 ተዘረጋ።

አንድ አባታችን አልተዋጠላቸውም። የሼኹ ፊት ያለበት ስክሪን መጨረሻ ላይ መሆኑ ክብር መንሳት መሰላቸው። ንግግሩ ሼኻችን ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም «እኔን የሚሰማኝ ሰው ፊቴን ባያይ ምን ይጎድለዋል?» ብለው ወደ ኪታባቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ የተናገረ የለም።

ትልቁ ጥቅም የታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ለአራት ስክሪን የሚበቃ ዩፒኤስ አቅማችን አይፈቅድም። ለኮምፒውተሩና ለአንድ ስክሪን የሚበቃ ግን ነበረን፤ ማይክራፎኑና ካሜራዎቹ ቀድሞም በባትሪ ይሠራሉ። 4 በኬብል መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ከፊቱ ያሉት ሦስቱ ሲጠፉ ዩፒኤሱ ምንም አይፈይድም ነበር። አንደኛ ስለሆነ ግን ማንንም አይጠብቅም። በረመዳን ሁለተኛው ጁሙዓ በኹጥባው መካከል መብራት ሄደ፤ ሦስቱ ስክሪኖች ጨለሙ፣ ታች በቀኝ በኩል እጆቹ መናገራቸውን ቀጠሉ።

የቀሩትን በአጭሩ። በኤልጂ ስክሪኖች ትእዛዙን ለመጠሪያ 00 ብትልኩት ለሁሉም ነው፤ ሶላት ሲቆም አራቱን በአንዴ የምናጠፋው በዚህ ነው። ለሁሉም የተላከ ትእዛዝ ግን መልስ አይመልስም፤ መጥፋታቸውን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ በአንድ በቁጥራቸው ጠይቋቸው። መብራት ሲመለስ አራቱ በአንድ ቅጽበት እንዳይነሱ እያንዳንዱ በተለያየ ሰከንድ ዘግይቶ እንዲበራ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ ተጠቀሙበት። የሶላት ሰዓት ሰሌዳን ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ አሳይቶ መተው ደግሞ በስክሪኑ ላይ ጥላ ሊያስቀር ይችላል፤ ብዙ መስጂዶች ይህን ያደርጋሉ፣ ስክሪኑን ማጥፋት ግን ምንም አያስከፍልም።

ወረቀቱስ? ሦስቱ ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ስክሪን በሠንጠረዥ ተጽፈው፣ የኬብሉ መንገድ በቀስት ተስሎ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ ከስክሪኖቹ ጀርባ ተሰቅሏል። ስልክ ቁጥር የለበትም፤ ሰው እንዳይጠበቅ። በጁሙዓ ሰዓት ደግሞ ወንድ ወደ ፎቁ አይወጣም፤ ስለዚህ ተማሪው ሁለት እህቶችን አስተምሯል። አንዷ ከቀኝ በኩል ከሚቀመጡት ናት። ትምህርቱ የተሰጣት በአስተርጓሚው በኩል ነው፤ ከሁሉም ፈጥና የያዘችውም እሷ ናት፤ ቁጥሮቹን በጣቷ እያሳየች፣ ኬብሉን በዓይኗ እየተከተለች።

ባለፈው ጁሙዓ ኹጥባ ላይ ስክሪን 2 ጨለመ። ኹጥባ ስለሆነ ማንም አልተነሳም። ሶላቱ አልቆ ሰው ሲወጣ ይህች እህት ከጀርባ ገብታ ወረቀቱን እንኳ ሳታይ ከ1 ወደ 2 የሚሄደውን ኬብል ነቅላ አዲስ ሰካችበት። አሮጌው ጫፉ ላይ ታጥፎ ነበር። አሁን መጠባበቂያ ኬብል አልቆብናል፤ ባለ ሁለት ሜትር ዲስፕሌይ ፖርት በቤቱ ያለው ሰው ካለ ለመስጂዱ ቢያመጣ ደስ ይለናል።